የአንገት ድንጋይ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ አገር ድንጋይ ብዙ ነው። ገበሬው መሬቱን ከማረሱ አስቀድሞ ድንጋይ ይለቅማል፤ የለቀመውንም በእርሻው ዳር ይከምረዋል። ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ የበጎቹንም በረት በድንጋይ ያጥራል። ሕፃን ልጅ በእግሩ መሄድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ድንጋይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ድንጋይ መካከል ግን ሁለቱ ከሌላው ይለያሉ። አንደኛው የድንበር ድንጋይ ነው። በሁለት ሰዎች እርሻ መካከል ይተከላል፤ የዚህ ሰው መሬት እስከዚህ ነው፥ የዚያም ሰው መሬት ከዚህ ይጀምራል ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኛው ይቅርታ የሚለመንበት ድንጋይ ነው። ሰውን የበደለ ሰው በደሉን ባወቀ ጊዜ ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ይሸከማል። ሽማግሎችንም አስቀድሞ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ ይሄዳል። በደጁም ቆሞ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ» ይላል። የተበደለው ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ባለ ጊዜ ድንጋዩ ከተሸካሚው አንገት ይወርዳል።

የድንበር ድንጋይ «ይህ የእኔ ነው» ይላል። የአንገት ድንጋይ «እኔ በድያለሁ» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ሜዳ የተለቀሙ ናቸው፤ ቢመዘኑም ክብደታቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን የመጀመሪያውን መትከል ለሰው ቀላል ነው፤ ሁለተኛውን ማንሣት እጅግ ይከብደዋል። እንግዲህ ክብደቱ በድንጋዩ ውስጥ ካልሆነ በምን ውስጥ እንዳለ መመርመር ይገባል።

ትዕቢት ምንድር ነው? ብዙ ሰዎች ትዕቢት ማለት ጥሩ ልብስ መልበስ፥ በበቅሎ መቀመጥ፥ ብዙ አሽከር ማስከተል ይመስላቸዋል። ይህ ትዕቢት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ጥቁር በርኖስ ደርቦ ልቡ የዋህ የሆነ ባለጸጋ አለ። የተቀደደ ባና ለብሶ ከሰው ሁሉ እበልጣለሁ የሚል ድኻም አለ። ትዕቢት በልብስ ላይ ያለ ቢሆን ኖሮ በወንዝ ውኃ ታጥቦ ይለቅ ነበር።

ትዕቢትን ለማወቅ የቀድሞውን ሙግት መመልከት ይረዳል። የደጋው ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይወርስ ነበርና የአያት የቅድመ አያቱን ስም ቈጥሮ ማወቅ ነበረበት። ርስቱ ሲነካበት ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ በአንድነት ይሄዱ ነበር፤ ይህም መቆራኘት ይባል ነበር። በዳኛው ፊት አንዱ በትሩን እየወዘወዘ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ይመልሳል። ማር ይወራረዳሉ፤ በቅሎ ይወራረዳሉ፤ ፈረስም ይወራረዳሉ። ሕዝቡም በንግግር ማን እንደ በለጠ ለማየት ከብቦ ይቆማል።

ርስቱን የሚጠብቅ ሰው ነውረኛ አይደለም። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያው ነው። ነገር ግን ከአንድ ጥማድ ለምታንስ ቍራሽ መሬት በቅሎውን ሸጦ የሚሟገት ሰው ነበረ። ቍራሿ መሬት ከነገብስዋ ብትሸጥ የበቅሎውን ዋጋ አታወጣም። «ስለምን እንዲህ ትደክማለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ስለ መሬቱ አይደለም፤ ተደፍሬ አልቀርም ብዬ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ መሬት የለም፤ ገብስም የለም፤ ልጆቹም የሉም። ያለው «እኔ» የሚለው ብቻ ነው። ትዕቢት ማለት ይህ ነው።

ርስት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀረ። መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። የድንበር ክርክር ግን ከዐዋጁ በኋላም አልጠፋም፤ ክርክሩን የሚወልደው ሕጉ ብቻ አልነበረምና።

አሁን እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጸሎት ሲሄድ ይታሰብ። ቅዳሜ ማታ ከወንድሙ ጋራ ተጣልቶ አድሯል። እሑድ ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እግዚአብሔር የለም አይልም፤ እንዲያውም ከጎረቤቱ ይልቅ ይጾማል፥ ከጎረቤቱ ይልቅ ይሰግዳል። ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚናገረው ምንድር ነው? «አየኸው የሠራብኝን? ፍረድልኝ፤ አሳየው፤ አዋርደው» ይላል። በዳኛ ፊት ተጠየቅ ሲል እንደ ነበረ በአምላኩ ፊትም እንደዚያው ይሟገታል። ጸሎቱ ክስ ሆኗል። እግዚአብሔርንም ምስክሩና ጠበቃው ሊያደርገው ይወዳል።

የትዕቢት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ትዕቢት ሰውን ሁልጊዜ ከሃዲ አያደርገውም። ይልቁንም እግዚአብሔርን ከእርሱ ወገን እንዳለ አድርጎ ያሳየዋል። ከሃዲ ሰው አንድ ቀን አምላኩን ሊፈልግ ይችላል፤ ትዕቢተኛ ግን አምላኩን ቀድሞ በኪሱ የያዘው ስለሚመስለው አይፈልገውም። ምሕረትም አይለምንም፤ በደለኛው ሌላ ሰው ነውና። የተራበ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ጠግቤአለሁ የሚል ሰው ግን እንጀራ ቢቀርብለት እንኳ እጁን አያነሣም። እግዚአብሔር ለትዕቢተኛ ጸጋውን የሚነፍገው ተቈጥቶ ብቻ አይደለም፤ የሚቀበል እጅ ስለሌለም ነው።

ጌታ በወንጌል ስለ ሁለት ሰዎች ምሳሌ ተናግሯል። ሁለቱም ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ወጡ፤ አንዱ ፈሪሳዊ፥ ሁለተኛው ቀራጭ ነበረ። ፈሪሳዊው ስለ ጾሙና ስለ ዐሥራቱ ተናገረ። ቀራጩ ግን ዐይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ ፈርቶ ደረቱን እየመታ ምሕረት ለመነ፤ ጸድቆም የተመለሰ እርሱ ነው። ይህን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ብዙ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል ያልፈዋል። ፈሪሳዊው እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር እንጂ አልሰደበም። ጾሙም ዐሥራቱም ሐሰት ነው አልተባለም። ጥፋቱ እየጸለየ ዐይኑን ወደ ጎን መመለሱ ነው፤ በአጠገቡ የቆመውን ሰው ይመዝን ነበር። ይህን ምሳሌ ሰምቶ «እንደዚህ ፈሪሳዊ ያላደረገኝ አምላክ ይመስገን» የሚል ሰው ቢኖር እርሱ ራሱ ያን ጊዜ ፈሪሳዊ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሦስት ክፍል አለ፤ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። ሕዝቡ እንደየመዓርጉ ይቆማል። ራሱን ያልበቃ አድርጎ የሚቈጥር ምእመን ወደ ውስጥ አይገባም። በቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ይቆማል፤ ወይም ከግድግዳው ተጠግቶ ያስቀድሳል፤ በመጨረሻም ደጁን ተሳልሞ ይመለሳል። ይህ ልማድ ውብ ነው። ሰው በአምላኩ ቤት እንደ ጌታ ሰተት ብሎ እንዳይገባ ያስተምረዋል።

ነገር ግን ከዛፉ ሥር ከሚቆሙት መካከል ሌላ ዐይነት ሰው ይገኛል። ይህ ሰው ከወንድሙ ጋራ ከተጣላ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሥጋውንና ደሙን ለመቀበል አስቀድሞ መታረቅ እንዳለበት ያውቃል፤ የነፍስ አባቱም ነግረውታል። እርሱ ግን «እኔ ኀጢአተኛ ነኝ፤ አይገባኝም» እያለ ከዛፉ ሥር ይቆያል። ሰው ሲሰማው ትሑት ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከእግዚአብሔር ማዕድ መራቅ ወደ ወንድሙ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ከመሄድ ቀልሎታል። «አይገባኝም» የሚለውን ቃል መጠለያ አድርጎታል። ይህ ትዕቢት በበርኖስ ከሚታየው ትዕቢት የከፋ ነው፤ የትሕትናን ልብስ ለብሷልና ማንም አይገሥጸውም፥ እርሱም ራሱን አያውቀውም። ወንጌል መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ ያዘዘው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

በቃል ትሑት መሆንና በሥራ ትሑት መሆን እንደሚለያዩ ከነገሥታት ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲዘምቱ ጦራቸው መንዝን ረግጦ ዐለፈ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያ ዘመን ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ገና ልጅ ሳሉ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከድኽነት የተነሡ ሰው ነበሩ፤ ጠላቶቻቸውም የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ጻፉ። ከዚህ የበለጠ የትሕትና ቃል ከንጉሥ አፍ አይጠበቅም።

ዳሩ ግን የደብዳቤው መልስ በዘገየ ጊዜ ተናቅሁ ብለው ተቈጡ፤ የእንግሊዝን ቈንስልና ሌሎችንም አውሮፓውያን አሰሩ። ከትቢያ የተነሣ ሰው በመናቁ እንዲህ ሊቈጣ ይገባው ነበርን? በ1859 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር ከተማ ላይ ተነሡ፤ አብያተ ክርስቲያናትዋም ተዘርፈው ተቃጠሉ። የእግዚአብሔር አገልጋይ ነኝ የሚሉት ንጉሥ የእግዚአብሔርን ቤት አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላ ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ስለ እኚህ ታላቅ ንጉሥ ሲነገር መጠንቀቅ ይገባል። አገራቸውን አንድ ሊያደርጉ ደክመዋል፤ ለባዕድ እጅ አልሰጡም፤ ብዙ ሐዘንና ብዙ ክዳትም አግኝቷቸዋል። ትዕቢት ብቻ አጠፋቸው ማለት ታሪክን ማሳጠር ነው። ነፍሳቸውን የሚመዝን እግዚአብሔር ነው። ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ከትቢያ ተነሣሁ ብሎ መጻፍና ከትቢያ እንደ ተነሣ ሰው መኖር ሁለት ነገር ነው።

በመቅደላ ይኖሩ የነበሩት የሸዋው ልጅ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥት ነኝም አሉ። በጥር 1864 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በአክሱም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ። ለአንድ አገር ሁለት ንጉሠ ነገሥት ሆኑ ማለት ነው። በ1870 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር ወደ ሸዋ ዘምቶ መንዝ ደረሰ። በዚያ ዘመን ዘማች የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። ሁለቱ ነገሥታት ስለ አንድ ስም ቢዋጉ ዕዳውን የሚከፍለው ስሙን የማይካፈለው ባለ ገብስ ነበር። የታላቅ ሰው ትዕቢት ከታናሽ ሰው ትዕቢት የሚከፋው በዚህ ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ይከፍለዋልና።

ውጊያው ግን ቀረ። አስታራቂዎች በመካከል ተመላለሱ። በመጋቢት ወርም፥ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው በልቼ፥ ምኒልክ በእግራቸው እየሄዱ፥ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፥ ፊታቸውን ወደ ምድር ዝቅ አድርገው ወደ ዐፄ ዮሐንስ እንደ ቀረቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ንጉሠ ነገሥት የሚለውንም ስም ተዉ። ዐፄ ዮሐንስም ዘውድ ጭነው የሸዋ ንጉሥ አደረጓቸው። ለመንዝ እረኛ ይቅርታ መለመኛ የሆነው ድንጋይ ለንጉሥም ያው ድንጋይ ነበር፤ ለንጉሥ ተብሎ ከሐር የተሠራ የለም።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ «ይህ ትሕትና ነውን? ወይስ ፍርሃት? ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብጾችን ድል ያደረጉ ንጉሥ ናቸው፤ ጦራቸውም ብዙ ነበር» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው። በምኒልክ ልብ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ከእግዚአብሔር በቀር ማን ያውቃል? ብልህነትም ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል፤ ለሕዝባቸው ማዘንም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ተደባልቀው ሊሆኑ ይችላሉ። የሰው ልብ እንደ ማሰሮ ንጹሕ ውኃ ብቻ አይዝም። ድንጋይ በሰው ፊት የሚሸከም ሰው ከፍርሃት የተነሣ ሊሸከም ይችላል፤ ተቀባዩም ድንጋዩን እንጂ ልቡን አያይም። በእግዚአብሔር ፊት ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ የሚያየው አንገትን ሳይሆን ልብን ነው፤ ስለዚህ በፊቱ ድንጋይ ተሸክሞ ልቡን ቀጥ አድርጎ መቆም ለማንም አይቻልም።

ምኒልክ ድንጋይ ስለ ተሸከሙ እግዚአብሔር በኋላ ንጉሠ ነገሥት አደረጋቸው የሚል ሰውም ይኖራል። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ትሕትና እንደ ጨው በገበያ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ከፍ እንዲል ብሎ ዝቅ የሚል ሰው ዝቅ አላለም፤ ለመዝለል ጕልበቱን አጠፈ እንጂ።

ሌላም ሰው እንዲህ ብሎ ይቃወማል፤ «ትሕትና ለደካማ ነው። የደጋው ሰው ራሱን ባያከብር ኖሮ አገሩን ባልጠበቀ ነበር። ዝቅ ያለን ሰው ሁሉ ይረግጠዋል።» ይህን ተቃውሞ መናቅ አይገባም፤ ከፊሉ እውነት አለበትና። ትሑት ሁን ማለት በሐሰት ሲፈርዱብህ ዝም በል ማለት አይደለም። ድኻን ሲበድሉ አይቶ ጎንበስ የሚል ሰው ትሑት ሳይሆን ፈሪ ነው። ደግሞም ባለጸጋ ራሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ድኻውን «ትሑት ሁን» ሲለው ነገሩ ስብከት አይደለም፤ ቀንበር ነው። ክብርና ትዕቢት ግን በአንድ ምልክት ይለያያሉ። ክቡር ሰው በደሉ በተነገረው ጊዜ ያደምጣል። ትዕቢተኛ በደሉ በተነገረው ጊዜ የነገረውን ሰው በደል መቍጠር ይጀምራል።

ስለ ድንጋይ ተሸካሚው ብዙ ተነገረ። ስለ ተቀባዩም መናገር ይገባል፤ ፈተናው ከእርሱ ዘንድ ይበረታልና። የተበደለ ሰው በቤቱ ተቀምጧል። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ቆሟል። ሽማግሎች ይለምናሉ። ያን ጊዜ በተበደለው ሰው ልብ አንድ ጣፋጭ ነገር ይገባል። «ጥቂት ይቁም፤ ጎረቤትም ይየው፤ ፀሐይም ይምታው» ይላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እውነተኛ ነበረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ትዕቢት ከደጅ ወደ ቤት ገብቶ ከእርሱ ጋራ በመደቡ ላይ ተቀምጧል። ብዙ መክሊት ተምሮለት ሳለ ጥቂት ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ የያዘው የወንጌሉ አገልጋይ ይህን ይመስላል። መሐሪ የሆነ ሰው የበዳዩን አንገት አያስጨንቅም፤ ተነሥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል።

ትሕትና በአንድ ቀን አይለመድም። አባቶች ይህን ስላወቁ ለልጅ መማሪያ ሠርተውለታል። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ በየመንደሩ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቍራሽ እንጀራ ይለምናል። ውሻ ይጮኽበታል፤ አንዳንዴም ይነክሰዋል። በቤቱ ላምና በግ የሞላው የባለጸጋ ልጅም ከድኻው ልጅ ጋራ እኩል ይለምናል። የተማሪው ሆድ የሚጠግበው በማያውቃት በአንዲት ባልቴት ቸርነት ነው። ጠዋት ዳዊት የሚደግም ልጅ ማታ ከደጅ ቆሞ ሲለምን፥ የበላው እንጀራ የራሱ እንዳልሆነ ይማራል። የገብስ ማሳም እንዲሁ ያስተምራል፤ የመንዝ ውርጭ ሲወርድ የባለ ብዙ ጥማዱንም የባለ አንድ ጥማዱንም እርሻ እኩል ይመታልና።

ሆኖም ትዕቢት ብልህ ነው፤ በዚህም ይገባል። ያው ተማሪ ቅኔ መቀኘት በቻለ ጊዜ ፊደል የሚቈጥረውን ሕፃን መናቅ ይጀምራል። በትምህርት ቤትም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። ንባብ ፈጥኖ የያዘ ልጅ የሚንተባተበውን ጓደኛውን ያሾፍበታል። ፊደል የማያውቁ እናቱን ያፍርባቸዋል። ነገር ግን ፊደሉን ማን ሠራው? መምህሩን ማን አስተማራቸው? እርሱ በሜዳው ከበግ ኋላ እንዳይሄድ በጎቹን በእርሱ ፋንታ የሚጠብቅለት ታናሽ ወንድሙ አይደለምን? ማንበብ የቻለው ወንድሙ ስለ ተወለት ጊዜ ነው። በጎቹ ማታ ሲገቡ ዘወር ብሎ «ና፥ ዛሬ የተማርሁትን ላሳይህ» ቢለው የእረኛውን ጊዜ ከፊሉን መለሰለት ማለት ነው።

በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሁሉም ይሰግዳል። ቀኑ ሲመሽ ምእመኑ በተራ ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ኀጢአቱን ይናዘዛል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርገው የስግደት ቍጥር ይሰጡታል። የባለጸጋው ጀርባ የሚመታበት ወይራና የድኻው ጀርባ የሚመታበት ወይራ አንድ ነው። ከፋሲካ በፊት በዚህ ሳምንት ሽማግሎች የተጣላን ለማስታረቅ ይደክማሉ። ቂም ይዞ ትንሣኤን ማክበር ለልብ ይከብዳልና።

እንግዲህ በአንድ የመንዝ መንደር ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታላቁ በክረምት ሌሊት የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ታናሹ መሬት ሁለት ክንድ አስገብቶ ተከለው። ታናሹ አወቀ፤ ተናገረ፤ ታላቁ ካደ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም። ልጆቻቸው በአንድ ምንጭ ውኃ ሲቀዱ እንኳ አይነጋገሩም ነበር። ታላቁ በየእሑዱ ከዛፍ ሥር ቆሞ «አይገባኝም» ይል ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በሕማማት ሳምንት እናታቸው ታመሙ፤ ሁለቱንም ልጆቻቸውን በአንድነት ሳያዩ መሞት አስፈራቸው። ታላቁ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ እርሻው ወረደ። ከሜዳው ሌላ ድንጋይ አልፈለገም። ያንኑ ከቦታው ያዛወረውን የድንበር ድንጋይ ነቀለና በማጅራቱ አደረገው። ጭቃው በአንገቱ ላይ እየፈሰሰ፥ ሽማግሎችንም ሳይጠራ፥ ወደ ታናሽ ወንድሙ ደጅ ሄደ።

ታናሹ በሩን ሲከፍት ድንጋዩን አየና ወዲያው ዐወቀው። አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ። ከዚያም «ጋሼ፥ ይቅር ለእግዚአብሔር፤ አንገትዎን ጐዳብዎት» ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለው።

እናታቸውን ከጠየቁ በኋላ ሁለቱ ድንጋዩን ለመመለስ ወደ እርሻው ወረዱ። የቀድሞው ጕድጓድ በሰባት ዓመት እርሻ ጠፍቶ ነበርና ቦታው የቱ እንደ ነበረ እንደ ገና ተከራከሩ። ታላቁ ወደ ራሱ መሬት ሁለት እርምጃ ገብቶ «እዚህ ነበር» አለ። ታናሹም «ኧረ ጋሼ፥ ያን ያህል አይደለም፤ እዚህ ነው» ብሎ ወደ ራሱ መሬት ይመልሰው ጀመር። ክርክሩም ረዘመ፤ ፀሐይዋ ወጥታ ውርጩ ከገብሱ ላይ እስኪቀልጥ ድረስ ድንጋዩ አልተተከለም።